የስንጥቁ ልክ

በየወሩ መባቻ ክርና ሜትር ይዤ
ስንጥቅ እለካለሁ፣ ከግንቡ ጥግ ተክዤ።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ስንት ሰፋ፣ ስንት ጠበበ፣
የቱን ዝናብ አጠበ፣ የቱን ሥር ከበበ።

ከቀሐ ወንዝ ወዲህ፣ ከነገሥታቱ ገንዳ፣
ዓመቱን ባዶውን ለጥር ከሚሰናዳ፣
ዋርካዎች ተቀምጠዋል በአጥሩ ትከሻ ላይ፣
ሥራቸው እንደ ጧፍ ሰም ወርዶ፣ ረግቶ የሚታይ።

ከቢሮ የመጣው ወረቀት ግን አጭር ነው፦
«ሥሩ ግንቡን በላ፤ ይቆረጥ» የሚለው።
ማኅተም አለበት፣ ፊርማም፣ ቁጥርም፣ ቀንም፤
ዋርካው አላነበበም።

ጋሽ ወረታው ሳቀ። ዕድሜውን ኖራ ሲያቦካ ኖሮ
እጁ ነጭ ነው እስከ ክርኑ፣ መዳፉ እንደ ግንቡ ተቦርቡሮ።
ወረቀቱን አጠፈና ከኪሱ ከተተው፤
«ነይ» አለኝ፣ «መጀመሪያ ይህን ጉድ እዪው።»

ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ቀነጠሰ አንድ ፍሬ፣
በምስማር ከፈለው፦ ውስጡ ሁሉ አበባ፣ ያላወቅሁት እስከ ዛሬ።
«ዋርካ አያብብም» ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ፤
ለካ ወደ ውስጥ ነው ያበበው፣ እኔ ነኝ ደጅ የፈለግሁ።

ከአበባው መካከል ጥቁር ነጥብ ተንቀሳቀሰች፣
የጤፍ ፍሬ የምታህል ተርብ፣ ክንፏን አበሰች።

«እናቷ በዚህ ገባች» አለኝ፣ «በዚህ ጠባብ በር፤
መግባቱ ክንፏን ቀማት፣ ቀረች እዚያው ሳትበር።
ከሌላ ዛፍ ያመጣችውን ዱቄት በተነች፣
እንቁላሏን ጣለች፣
ሞተች።
ወንዶቹ ዕውር ሆነው፣ ክንፍ አልባ ተወለዱ፤
ለእህቶቻቸው መውጫ ግድግዳ ሲንዱ
እዚያው ቀሩ፤ የፀሐይን መልክ ሳያዩ ነው የሄዱ።
ይቺ ግን ዱቄት ጭና ሌላ ዋርካ ፍለጋ
ትነሣለች። አዘዞ ትሂድ ደምቢያ፣ ማንም አይቆርጥላት ዋጋ።»

«ከየት አወቅህ?» አልሁት።
«ሠላሳ ዓመት ምሳዬን
ከዚህ ጥላ ሥር በላሁ፤ እንዴት አላውቅ ጎረቤቴን!»

ፍቅር ነው ልል ነበር፤ አየኝና ተቆጣ፦
«ዕዳ ነው እንጂ ልጄ፣ የማያልቅ ጣጣ።
ዛፉ ከዘሩ ከፍሎ ለልጆቿ ገበረ፣
እሷም ክንፏን ከፈለች፤ ሒሳቡ እንዲህ ነበረ።»

እጄን ሰደድሁ በስንጥቁ። ኖራው ካለቀበት፣
ሥሩ ድንጋዩን አቅፏል፣ የድንጋይ ሽበት አልብሶበት።
ሽበቱም ብቻውን አይደለም፦ ሻጋታው ጣራ ሠራ፣
አረንጓዴው ደቃቅ ፀሐይ ያቦካል ለጋራ።

ስንጥቁ በሁለት ሚሊ ሰፍቷል። ጽፌዋለሁ።
የገፋውም ሥሩ ነው። አልዋሽም፣ አይቻለሁ።
ግን ጋሽ ወረታው እንዳለኝ፣ በአማቱ አጥር በኩል
አንዱን ዋርካ የቆረጡ ለት ካቡ ነቅነቅ አላለም እኩል፤
ሥሩ በስብሶ፣ ቦታው ባዶ ሲሆን ነው፣
ከሁለት ክረምት ኋላ፣ በነሐሴ፣ ሌሊት፣ የወረደው፤
ከሥሩ አንዲት ጥጃ ነበረች።

ማን ማንን እንደያዘ የሚለካ ሜትር
ቢሮው አልሰጠኝም። ያለኝ ክር ነው፣ ነጭ ክር።

መሰላሉን እሱ ይይዛል፣ ቁጥሩን እኔ አነብለታለሁ፤
ዓይኑን ኖራ ነው የበላው፤ አውቃለሁ፣ ዝም እላለሁ።
እሱም አያነሣብኝም፣ ከፍታ እንደምፈራ፤
እግሬ ሲንቀጠቀጥ «ንፋስ ነው» ይላል፣ እያወራ።

ረፈደ። ጋሽ ወረታው አዲስ ኖራ አቦካ፣
ስንጥቁን ዙሪያውን መረገ፣ ሥሩን ሳይነካ።
ተርቧ ከመዳፌ ጠፍታለች። መቼ እንደሄደች
አላየሁም፤ ጣቴ ላይ ቢጫ ብናኝ ትታ ኖሯል የበረረች።

በቅጹ ግርጌ «ይቆይ» አልሁ፤ ፊርማዬም ከሥሩ አለው፤
«ምክንያት» የሚለው መስመር ግን እስካሁን ባዶ ነው።