አፈር ስሆን

እኔ ነኝ የላጥሁት፤ ሌላ ሰው አትጥሩ፣
በእኔ እጅ ነው የተነሣው ከነሥሩ አፈሩ።
ከደጀን ወዲያ ማዶ፣ ዓባይ ሲታይ በሩቅ፣
ጥቁር አፋፍ ገባሁ፣ የጤፉ ነዶ ሳይደርቅ፤
ወረቀት ይዘው ነበር፣ ማኅተም ያለበት፣
"ከሰል አለ ከሥሩ፤ ካሳ ተከፍሎበት።"
ስድሳ ክንድ ድንጋይ፣ ከዚያ ጥቁር ንጣፍ፣
እሱም አንድ ክንድ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ትራፍ።

የሻረግ ቆመች ከማሽኑ ፊት ለፊት፣
"አፈር ስሆን ልጄ!" አለች፤ ሞተር አጠፋሁላት።
"መቆፈሩን ቆፍር፣ ማን ይከለክልሃል፤
የላዩን ግን ለይልኝ፣ ከጭንጫው ይበላሻል።
ይኼ ስንዝር አፈር፣ ይኼ ጥቁር ቆዳ፣
ለሰባት ትውልድ ነው የከረመ ጓዳ።"

ሳቅሁ።
ለአፈር ብሎ አፈር የሚሆን ሰው አላየሁም ነበር።

ውሉ ላይም ነበር፣ አንቀጽ ዐሥራ ሁለት፣
"የላይኛው አፈር ይቀመጥ በስልት"፤
አንቀጽ አፈር አይጭን፣ ናፍጣ አይሞላ፣
"ድፋው" አሉኝ፤ ደፋሁት ከገደሉ ኋላ።
ዐሥራ ሁለት ገልባጭ ግን፣ ምን ነክቶኝ እንደሆን፣
ሲጨልም ከእንየው ጋር ጓሮዋ ገለበጥን።

*

አምስት ክረምት ሄደ።
ከሰሉን ወሰዱት፤ ፋብሪካው አነደደው፣
አመዱ የት እንደገባ ነፋስ ነው የሚያውቀው፤
ከዚያ ውሉ አለቀ፣ ካምፑ ተነቀለ፣
የቀረው ጉድጓድ ነው፣ ቀይ ውሃ ያዘለ።
ከሱ ጠጥታ ሞተች የምንይችል ጊደር፤
እንቁራሪት እንኳ አይጮህበት ነበር።

የሻረግ ያን ክምር ግብጦ አለበሰችው፤
"ራቁቱን ያደረ አፈር ይሞታል" ነው ያለችው።
ጎረቤት "የአፈር ዘበኛ" ብሎ ስም አወጣላት፣
መቃብር የመሰለው "ማን ሞተብሽ?" አላት።

*

ተመለስሁ። አሁን ደግሞ ልሞላ ተቀጠርሁ፤
የቆፈርሁትን ጉድጓድ በቀን አበል ደፈንሁ።
ሞላነው በጭንጫ፣ በትራፊው ድንጋይ፣
እርከን እንደ መቀነት፣ ከወገቡ በላይ።
ጤናው ከግብርና በብልቃጥ ቀመሰው፣
"ኮምጥጧል" አለና ኖራ አለበሰው፤
ዳገቱ ነጣ፣ እኛም ነጣን፣ ሽፋሽፍታችን ሳይቀር፤
ከወፍጮ ቤት የወጣን መስለን ገባን መንደር።

ከዚያ ክምሩን ከፈተች፣ ግብጦውን አጭዳ፤
ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ እንደ ከረመ ጓዳ፤
ትል አለበት፣ ቀይ ትል፣ በእጅ ላይ የሚላወስ፤
እንየው ባርኔጣውን አነሣ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ።

በባሬላ፣ በከረጢት፣ በአህያ ጀርባ፣
አንድ ጣት ቢወፍር ነው፤ ዘረጋነው እንደ ካባ።
ሰኔ መጣ። አንድ ሌሊት። ግማሹን ጎርፍ ወሰደው፤
ዓባይ ነው የበላው፤ ዓባይን ማን አጥግቦት ያውቃል?
እሷ ከካቡ ሥር ገብታ የቀረውን ዘገነች፣
እንደ ጉርሻ፣ እፍኝ በእፍኝ፣ ወደ ላይ መለሰች።

ሰስፓንያው ደረቀ።
ከመቶ ግራር ችግኝ ዐሥራ ሰባት ቀና፤
ክትክታው ግን ማንም ሳይተክለው ገባና
ከእርከኑ ጥግ በቀለ። ማን ዘራው? ወፍ ዘራው።
ወፍ ውል አልፈረመም፣
አንቀጽ ዐሥራ ሁለትን ወፍ አላነበበም።

*

ዛሬ ቀበሌ ሄድሁ፣ ለመሰናበት፤
ሰው ተሰብስቧል፣ ጩኸት አለበት።
የሻረግ ምንይችልን ከሳለች፦ "ድንበር ገፋ!"
እሱም፦ "የቱን ድንበር? ድንጋዩ ከጠፋ!"
ድንጋዩ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የነቀልሁት፣
ከሃያ ሜትር በታች ከጭንጫ ጋር የቀበርሁት።
ሊቀ መንበሩ ተቆጣ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፣
ሲሰዳደቡ እያየሁ እንባዬ መጣብኝ።
ለጉድጓድ ማን ይካሰሳል? በቀይ ውሃ ማን ይማላል?
ሰው ከተጣላበት፣ እንግዲህ መሬት ሆኗል።

አየችኝ። "አንተ መስክር" አለች፣ "አፈር ስሆን ልጄ!"
ልመሰክር ተነሣሁ፤
አፈር አለ በእጄ።