ሦስት ተኩል

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ትሪየስቴ ከተማ፤
ቦራ የሚሉት ነፋስ በር ላይ ሲያቅማማ፣
ኦንዲና መምህርት፣ መነጽሯን ጥላ፣
የጠጠሯን ፊቶች ደምራ፣ አካፍላ፣
«የሚጠበቀው ዋጋ ሦስት ነጥብ አምስት ነው» አለች።
ጠመኔዋ ነጥቧ ላይ ተሰበረች።

ሊቪዮ፣ አርባ ዓመት መርከብ ያራገፈ፣
የመዳፉን መስመር ገመድ የገፈፈ፣
ስድስቱንም ገጽ ቆጥሮ ጨረሰና
«ሦስት ተኩል የላትም» አለን ብሎ ቀና።

ሳቅን።
እሷ አልሳቀችም።
«አዎ፣ የላትም። ብትወረውር ብታድር አይመጣም።
የሚጠበቅ ነገር ይጠበቃል እንጂ
የመምጣት ግዴታ የለበትም።
ሺህ ጊዜ ጥለህ፣ ደምረህ ስታካፍል፣
ያኔ ነው ከመሃል ብቅ የሚል።
የአንድ ቀን ፊት የለውም፤
መልኩ የብዙ ቀን ነው።»

ስንወጣ ነፋሱ ኮት ይገልባል።
ጥግ ያለው ትንባሆ ቤት ገና መብራቱ በርቷል፤
ኦንዲና ገብታ ሎተሪ ቆረጠች።
ሊቪዮ ደነገጠ፦ «አንቺም? አስልተሽ?»
«አስልቼ» አለች፣ ትኬቷን ጓንቷ ውስጥ እየከተተች፤
«ሁለት ዩሮ ከፈልኩ፤ ዋጋው ሰባ ሳንቲም ነው።
የቀረው፣
እስከ ቅዳሜ የማድርበት ኪራይ ነው።»

ከአደባባዩ ማዶ ትልቁ ሰዓት
ዘጠኝ ተኩል ይላል።
እኔ በልማዴ ስድስቱን ቀንሼ
አነበብኩት፤
የሊቪዮን ክንድ ነካሁት።
«በእኛ አቆጣጠር» አልኩት
«አሁን ሦስት ተኩል ነው።
ያው፣ መጣልህ።»