አምስተኛው ቅኝት

አስፋልቱ ተቆርጦ ጭቃው ሲጀምር፣
ከኮዬ ፈጬ ጫፍ፣ ከመጨረሻው ሰፈር፣
ሊፍት ይገባል ተብሎ ክፍት የተተወው
ጉድጓድ አለ ባዶ፣ ነፋስ የወረሰው።
እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሱ ከምድር ቤት፣
በመካከላችን ያ የጨለማ አንገት።

ቀን ቀን አይሰማም።
ቀን ቀን ብየዳ ነው፣ ጫኝና አውራጅ ነው፣
‘ሳሪስ! ቃሊቲ!’ የረዳት ጩኸት ነው፤
ማታ ደግሞ ግሮሰሪው ስፒከሩን አውጥቶ
‘ደስ ይበላችሁ’ ይላል፣ በግድ፣ ተቆጥቶ።

ከዚያ መብራት ይሄዳል።
ግሮሰሪው ቃሉን አፉ ላይ ይውጣል፣
የፍሪጁ ጉርምርምታ፣ የቴሌቪዥኑ ሳቅ፣
የጎረቤት ክርክር፣ ባንድ ትንፋሽ ድርቅ።
ያኔ ነው ከጉድጓዱ፣ ከታች፣ ከምድር ቤት፣
የምንተስኖት ጊታር፣ እንደ ደከማት ሴት
በየደረጃው ላይ ጀሪካን እያኖረች፣
ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ እኔ ዘንድ የደረሰች።

የጊታሯ ገላ በር ነበረ ድሮ።
እናቱ ሠላሳ ዓመት የከፈተችው፣ የዘጋችው፣
ዶዘር የመጣ ቀን በጀርባው ያወጣው።
አናጺ ነው፣ ልጁ። ላገው፣ ገዘገዘው፤
የቁልፉን ቀዳዳ ግን አልደፈነው።
ክሯም ስድስት አይደለም። አንዷ ተበጥሳ
እስከ ዛሬ አልተካም፣ አላያትም ከነሣ።
‘ይሁን’ አለኝ አንዴ፣ ‘የቀረም ሰው አለ፣
ወንበሩ ባዶውን ማዕድ ላይ የዋለ።’

ጠየቅኩት አንድ ቀን፣ ደረጃ ላይ አግኝቼ፣
እሱ ጣውላ ይዞ፣ እኔ ውሃ ቀድቼ፦
‘ይሄ ትዝታ ነው? አምባሰል? ባቲ ነው?
አንቺ ሆዬ እንዳልል መልኩ የሌላ ነው።’
ሳቀ። ‘እንጃ’ አለኝ፣ ‘ከአራቱም ቅኝት የልማት ተነሺ ነኝ፤
አምስተኛው ይሆናል፣ ምትክ የሰጡኝ።’

ሲፈን፣ የሦስተኛ ፎቋ ነርስ፣ ከፈረቃ
መልስ፣ ጫማ ሳትፈታ ወለሉ ላይ ወድቃ
በሯን ገርበብ ታደርጋለች። ዕለቱን ስንት እንደሞተ
አትናገርም። በሩ ነው የሚናገር፣ እንደተከፈተ።

ዘበኛው ጉርሜሳ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
ባትሪውን አጥፍቶ፣ ከደረጃው ቀርቦ
ያዳምጣል ዝም ብሎ። አንድ ምሽት ብቻ፣
‘እዚህ ነበር’ አለ፣ ‘የሽምብራዬ ዳርቻ።’
ሌላ ቃል አልጨመረ። ማንም አልጠየቀው።
ወፍራሟ ክር ብቻ ‘ዳርቻ’ ብላ ደገመችው።

ሰው ይለኛል፦ ‘ምን ልትቀዳ ነው ከዚህ ለቅሶ?
ኑሮው መች አነሰህ፣ በዜማ ተመልሶ?’
እውነት ነው። መልስ የለኝም። ብቻ የደስታ ዘፈን
ሁልጊዜ ከእኔ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ እጄን፣
ትከሻዬን፣ ሳቄን፣ ‘ደህና ነኝ’ የሚል ፊቴን።
ይሄ ግን አይጠይቅም። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣
እንደ ለቅሶ ደራሽ ጋቢውን ይሰበስባል፣
ስለ አየሩ እንኳ ሳያነሣ ያመሻል።
አያሞቅም። ብርድ ልብስ አይደለም።
ግን ብርዱን በስሙ ጠርቶት ‘ብርድ’ ይለዋል፤
እኔም፣ ለካ ብቻዬን አልነበረም የበረደኝ፣ እላለሁ፣
እግሬን እሰበስባለሁ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ። ‘መጣ!’ ይላሉ ሕፃናት፣
ከብሎክ ብሎክ ይዘላል ያ የጩኸት እሳት፤
ግሮሰሪው ካቆመበት ቃል ይጀምራል፣
ፍሪጁም ያጉረመርማል፣
ጊታሯም ደረጃውን መልሳ ትወርዳለች፣
ጀሪካኗን አንሥታ፣ ሳትሰናበት፣ እንደመጣች።
ሁሉም ስልኩን ሊሰካ ሲሮጥ፣ እኔ ግድግዳ ዳስሼ
ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ደርሼ
አጠፋዋለሁ መልሼ፤
ከጉድጓዱም አፍ ላይ ጆሮዬን አሳርፋለሁ።
በር ነበረ ድሮ።
ሲከፈት እጠብቃለሁ።