ባዶው መስመር

ካርዱ ላይ አንዲት መስመር አለች፤
«የማይስማማው መድኃኒት» የምትል፣ በነጥብ በነጥብ የተሰመረች።
እንደ ልማዴ ጠየቅሁት፣ ቀና እንኳ ሳልል፤
«የለም» አለኝ፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሿ ሲል።

ነዚፍ አባ ኦሊ፤ የሄርማታ በርጩማ ጠራቢ፣
ካንድ ግንድ ሦስት እግር አውጪ፣ እንጨት አንባቢ።
መሮው ስቶ አውራ ጣቱን ቢያገኘው፣
ቁስሉ አመርቅዞ ክንዱን ቢያግለው፣
በሌሊት ባጃጅ ወደኛ አመጣው።

ሴፍትሪያክሶን፣ አንድ ግራም፤ ነጭ ዱቄት፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ፤
ስንት ትኩሳት ያበረደ፣ ከእጄ የማይጠፋ።
ቀስ ብዬ ስገፋው በደም ሥሩ
ስለ ዋንዛ ያወራኛል፤ ሲደርቅ ስላለመሰንጠቁ፣ ስለ ክብሩ።

«መዳፌን በላኝ» አለና ሳቀ፤
«ገንዘብ ሊመጣ ነው።»
እኔም ሳቅሁ።
እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቄ ነው።

ከንፈሩ አበጠ። ቃሉ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ፣
ደረቱ እንደ ዶለዶመ መጋዝ ያፏጭ ጀመረ።
ግፊቱ ወረደ፣ ልቡ ጋለበ፣
ገላው ሳማ እንደነካው ተለበለበ።

ስሪንጁን ነቅዬ ጮኽኩ፦ «ዳሚቴ! አድሬናሊን!»
መሳቢያው ተቆልፏል።
ቁልፉ ዳሚቴ ኪስ፣ ዳሚቴ ኮሪደሩ ማዶ፤
ያ ኮሪደር ያን ሌሊት ከጅማ ሰቃ ይርቃል።

አምፑሉ ጣቴን ቆርጦኛል፤ ያየሁት ነግቶ ነው።
ግማሽ ሚሊ፣ በጭኑ፣ በሱሪው ላይ ወጋሁት፤
እግሩን ሽቅብ፤ ኦክስጅን፤ ጨው ያለው ውሃ በሙሉ ጅረት።
ሚስቱ ራሕማ ከጥግ «ያ ረቢ» ትላለች፤ ሌላ ቃል ጠፍቷት።
ሁለት ደቂቃ። ሦስት።
ከዚያ አየር ገባ።
ዝናብ ያሳበጠው በር ሲገፋ እንዲህ ነው፣
መጀመሪያ ሲጥ ይላል፤
ቀጥሎ ሰው ያሳልፋል።

ሲነጋ ራሕማ እንዲህ አለችኝ፦
«ዓምናም ሰቃ መርፌ ወግተውት እንዲሁ ሆኖ ነበር፤
ጂኒ ነው ብለን ቁርአን አስቀራንበት፤ ተሻለው።»
የመርፌውን ስም ማን ጻፈው?
እኔስ ብሆን፣ «ተወግተህ አብጠህ ታውቃለህ?» መች አልኩት፤
ባዶውን በ«የለም» ሞላሁት።

ከወር በኋላ መጣ፣ ጣቱ ድኖ፤
ከሸሚዙ ሥር ክር ሳበ፤ የዋንዛ ቁራጭ፣ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ፣
በመሮ የተጻፈበት፦ «ሴፍትሪክሶን»።
«አንድ ፊደል ጎደለች» አልኩት።
አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ትንሿን መሮ አወጣ።
ራሕማ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ
«ያ» አለችው፣
በጣቷ ቦታዋን እያሳየችው።