የፈሰሰ ሾርባ

በዪህላቫ ከተማ፣ ከአደባባዩ ሥር፣
ሁለት መቶ ወንበር ያለው ሲኒማ ነበር።
እኔ ትኬት ቆራጭ፣ ሃያ እንኳን ያልሞላኝ፣
ጓንቴ አውራ ጣቱ ተቀዶ ብርድ የሚበላኝ።
ከላይ፣ ከማሽኑ ቤት፣ ቦሁሚር የሚባል፤
ሳሉ ከፊልሙ ድምፅ ቀድሞ ይደርሰናል።

ያን ሳምንት የመጣው የሚያስቅ ፊልም ነው፤
ትናንት ፌርማታ ነው፣ ጊዜ አውቶብስ ነው፣
ሾፌሩ ኮፍያውን ገልብጦ ሚነዳው።
ሰውየው አማቱን፣ በምሳ ገበታ፣
ክፉ ቃል ተናግሮ፣ ሾርባ ደፍቶ፣ አምታታ።
ቆይቶ ቢጸጽተው ትኬቱን ገዛ፣
እቅፍ አበባ ይዞ ደረሰ ከደጇ ታዛ።
ግን ሰዓት ተሳስቶ ቀድሞ ነው የመጣው፤
ሾርባው ምድጃ ላይ፣ ስድቡም ገና ሆድ ነው።
«አሮጊት ዝይ ስላልኩሽ ይቅር በይኝ» ሲላት፣
ቁጣ ገነፈለባት፣ ከሾርባው ቀደማት።
ጠቡ ተወለደ ከይቅርታው ሆድ፣
አዳራሹ በሳቅ፣ ጣራው እስኪናድ።

ሐሙስ ማታ ግን ቦሁሚር ተሳሳተ፣
ሦስተኛውን ጥቅል በአንደኛው ፋንታ ከተተ።
ማንም አላወቀ፤
እንዲያውም ከረቡዕ ይበልጥ ሰው ሳቀ።

ከአንድ ሰው በስተቀር። ጓድ ቮንድራ፣ ከወረዳው፣
ብዕሩን ከደረት ኪሱ መዝዞ አወጣው።
«ጓድ ቦሁሚር፣ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል፤
ወረቀቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሏል።»
«ጓድ» አለው ቦሁሚር፣ መነጽሩን እየጠረገ፣
«አውቶብሱ ወደ ኋላ ነው፤ ፊልሙም እንደዚያው አደረገ።»
ጓድ ቮንድራ ዝም አለ። ግራ ቀኙን አየ።
ሳቁ በአፍንጫው አመለጠ፣ ከፊቱ ተለየ።
ሪፖርቱን ግን ጻፈ። ሥራ ነዋ፣ ሥራ፤
በሁለት ኮፒ፣ በካርቦን፣ ከነጣቱ አሻራ።

ሁሉም ወጥቶ አለቀ። በረዶ ይጥላል።
እኔ ወንበር ሥር ስጠርግ ማሽኑ ያጉረመርማል።
ቀና ብዬ ሳይ ሸራው ላይ፣ ፊልሙ ወደ ኋላ፤
ሾርባው ከምንጣፉ ተነሥቶ ሳህኑን ሞላ፣
ካሮቷ ከጫማው ዘልላ፣ ጎመኑን ተከትላ።
ስድቡ ከአማት ጆሮ ወጥቶ ወደ አፉ ገባ፣
ሰውየው ዋጠው፣ ልክ እንደ ትኩስ ሾርባ።
«የፈሰሰ አይታፈስ» ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
ያን ሌሊት ሲታፈስ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ደረጃውን ወጣሁ።
«ኦታ የሚሉት ወንድም ነበረኝ» አለ፣
ሳልጠይቀው፣ ፊልሙን ከማሽኑ ጥርስ እያስተካከለ።
«ታንኩ በገባ ሳምንት፣ ቪየና ሲሄድ ሸኘሁት፤
እጁን በመስኮት ቢሰጠኝ ‹ፈሪ› ነው ያልኩት።
ባቡሩ ጮኸ። ይስማ፣ አይስማ፣ እንጃ።
ዘጠኝ ካርድ ጻፍኩለት፤ በላው የቤቴ ምድጃ።»
«አሥረኛውን ይላኩት» አልኩ፣ ልጅ አይደለሁ።
«ያን ቀን ካልሰማኝስ?» አለ። «አስቢው እስቲ፦
ካርዱ ሲደርሰው፣ መነጽሩን አድርጎ ሲያነበው፣
‹ፈሪ ስላልኩህ› የሚለው ላይ፣ ያን ቀን ነው የምሰድበው።»

ምን ይባላል? መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ።
ከኪሴ የትኬቱን ጥራዝ አውጥቼ፣ አንድ ልቆርጥ ስል
እጄን ያዘኝ። «አትቁረጪው። ሙሉውን።»
ተራ ሰባት፣ ወንበር አሥራ ሁለት። በፖስታ አሸገው።
ከአድራሻው በቀር አንድ ቃል አልጻፈ፤
ላሱ ላይ ምላሱ ደርቆ፣ ሁለቴ አሳለፈ።

ከዚያ ወዲያ ያቺን ወንበር ለማንም አልሸጥሁ፤
በካርታዬ ላይ በቀይ እርሳስ «ተይዟል» እያልሁ።
ስብሰባው ያለቀ ለት፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣
ጓድ ቮንድራ መጣ፣ ባዶዋን ወንበር ለይቶ፣ ነጥሎ።
«አሥራ ሁለት ቁጥር ለምን ሰው የለባትም?»
«ጓድ፣ አውቶብሱ ዘግይቶ ነው፤ ሰውየው አልቀረም።»
ፈገግ አለ።
ጻፈው።