ሽንብራ የምታህል

ከዋናው ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ደረጃው ጥላ በሚጥልበት፣
እሱ ወንበሩ ላይ ማመልከቻ ይጽፋል፣
እኔ ሣጥኔ ላይ ስልክ እፈታለሁ፤
ጎን ለጎን ከተቀመጥን ስድስት ዓመት።

ጋሽ ይርዳው ጆሮው ደክሟል።
መስሚያ መሣሪያው ውስጥ
ሽንብራ የምታህል ባትሪ ሸጉጧል።
ሌሊት ቤቱ ታድራለች ከግድግዳው ተሰክታ፣
ጠዋት ሞልታ ትመጣለች
በደመወዝ ሰሞን እንዳለ ኪስ ኮርታ።

ድሮ እስከ ምሽት ታደርሰው ነበር፤
አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሲል ትዝላለች፣
እንደ ጾመኛ ካጥር ሥር።
«ልቀይርልህ» ብዬ መርካቶን ዞርኩ፤ ልኳ የለም።
ቴስተሬን አስነካኋትና እውነቱን ነገርኩት፦
«ጋሽዬ፣ አርጅታለች፤ ከዚህ በላይ አትሸከምም።»

ከዚያ ወዲህ መስማትን በቁጠባ ያዘ።
ረዳት ሲጮኽ፣ ሁለት ደላላ ሲማማል፣
በአንድ ጣቱ ከተማውን ድዳ ያደርጋል።
«ይኸን ሰምቼዋለሁ» ይላል።
ለባለጉዳይ ብቻ ይከፍታል።

ያን ሐሙስ መብራት ሳይኖር አደረ፤
የእኔም ፓወር ባንክ ባዶ፤
እሷም በግማሽ ሆዷ መጣች፣
ቀኑ በዚያው ጀመረ።
ወይዘሮ አልጋነሽ መጡ፣
ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፤
የቀበሌ ቤት ጉዳይ ነው፣
ከሥሩ ጀመሩ ተንትነው።

«ልትሞት ስትል ሦስቴ ትጮኻለች» ብሎኝ ነበር አንድ ቀን።
ዓይኑን ሦስቴ ሲያርገበግብ አየሁ።
ሴትዮዋ ገና መሀል ላይ ናቸው፤
እኛ ሁለታችን ዝም አልን።

አላቋረጣቸውም። ብዕሩም አልቆመ።
ከእጃቸው፣ ከደረቀው ከንፈራቸው፣
ፌስታሉን ጨበጥ ለቀቅ ከማድረጋቸው
ነገሩን ለቀመ።
ሲጨርስ አነበበላቸው፦
«...ደጅ ስጠና ይኸው ሰባት ዓመቴ ነው።»
ሦስት ነበር ያሉት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሦስት ነው።

«እኔስ ሦስት ነበር የቆጠርኩት» አሉ ቀስ ብለው፣
«ግን ሰባት ያህላል።
ተወው፣ ይሁን፤
ይኸን ያህልስ የቆጠረልኝ ማን ነው?»

ዋጋ የጠየቁት መስሎት
«ሃምሳ ብር» አለ።
ሳቁ። ከፈሉ። ሄዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤
እኔ ጋ ሰካናት፣
ቀይዋ ነጥብ በራች።
ጥቂት ስትሞላ ጆሮው ላይ መለሰና
«ምን አሉ ሴትዮዋ?» አለኝ።
«ዋጋው ተስማምቷቸዋል» አልኩት።

ማታ ሣጥኔን ስቆልፍ ግን ቆጠራ ጀመርኩ፤
እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ
ስድስት ዓመት ነው ያልኩት?