የእድሩ ደብተር

ሻርጃ፣ ቃሲሚያ ውስጥ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣
የእድሩ ደብተር እኔ ጋ ነው የሚጠበቅ።
ሰማንያ ስድስት ሴት፣ በወር ሃምሳ ሃምሳ፣
ቀድማ የምትከፍል አለች፣ አለች የምትረሳ።
ዓምዶቹን ያሰመርኩት በቀይ እስክሪብቶ፦
ሕመም፣ አስከሬን መሸኘት፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ
ኪራይ ሲያጣ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ስሌቱ መች ሰነፈ፣
ሰማንያ አምስቱ አንዷን እየደገፈ።

ቀን የማጸዳበት የኢንሹራንስ ቢሮ
ነጭ ሰሌዳ አለው ከግድግዳው ታስሮ።
ኮረብታ ሥለዋል፣ ጭራው የሳሳ ነው፣
ከጭራው ጥግ «በመቶ ዓመት አንዴ» ብሎ ጽፏል ሰው።
አጥፊ ሲሉኝ ማታ በጨርቄ ጠረግኩት፣
«መቶ ዓመት? ለማን ነው?» ብዬ እየሳቅኩበት።

ማክሰኞ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ፤
ዘነበ፣ ዘነበ፣ እስኪነጋ አመረረ።
ቦይ ያልቆፈረች ከተማ መንገዷ ባሕር ሆነ፣
መኪናው እንደ ቅል እየዋኘ ባከነ።
ሊፍቱ ቆመ። መብራት ጠፋ። ቧንቧው ደረቀ።
በውሃ ተከበን የሚጠጣ አለቀ።

ስልኬ እስኪሞት ጮኸ።
ሲቲና፦ ሆቴሉ ተዘጋ።
ዘሙ፦ ሱቁን ውሃ ሞላው፣ ፓስፖርቴ እዚያ ነው።
እንግዳወርቅ፦ ማዳም ቤቱን ዘግታ ሄደች፣ ደሞዜንም ይዛ።
ሁሉም መጨረሻ ላይ፦ «እድሩ ምን ይላል?»
እድሩ ማን ነው?
የደወሉት ናቸው።

በሻማ ገለጥኩት። ሰማንያ ስድስት ስም፣
በአንድ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ።
ልብሱን ስቆጥር ኖሬ
ገመዱ የታሰረበትን ችንካር አላየሁም።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤
አንድ ላይ ከረጠበስ፣ ድሩን ማን ያደርቃል?

በሩ ተንኳኳ።
ጦይባ ናት፣ ሦስት ወር ሳትከፍል የሰረዝኳት፣
በዚያው በቀይ እስክሪብቶ።
ውሃ በአሥራ አምስት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ያደገች፣
አልጋዋ ሥር ጀሪካን ስትደረድር
«እዚህ አገር ቧንቧ አይደርቅም!» ብለን የሳቅንባት።
አሥራ አንድ ፎቅ በጨለማ አዝላ ወጥታ፣
ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣
«ስንት ሰው ነው ያለው?» አለች።
ማን ከፍሏል አላለችም።

ውሃው በስድስተኛው ቀን ሸሸ።
ስሟን መልሼ ጻፍኩ፤ ስርዙ ግን ይታያል።
ከዓምዶቹ ጎን አንድ አዲስ አሰመርኩ፣ ርእስ የሌለው፤
የእድሩ ዳኛ «ይሄስ ለምንድን ነው?» ስትል
«አላውቅም» አልኳት፣ «ለዚያ ነው ያሰመርኩት።»

ቢሮ ስመለስ ኮረብታውን ደግመው ሥለውታል፣
ጭራው ትንሽ ወፍሯል።
አጥፊ አሉኝ።
ኮረብታውን ጠረግኩ።
ጭራውን ተውኩት።